ማን ይዟቸው ነው? ስለ ጌጅ ብሎኮች መጣበቅ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ መምህራን፣ በማሽን ሥራና በልኬት ትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ እንዲሁም «ስለ ሁለት ቁራጭ ብረት ይህን ያህል ምን ይወራል?» እያላችሁም ቢሆን የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት እጄን ተመልከቱልኝ። የያዝኳቸው ሁለት ትናንሽ ብረቶች በሙያችን ጌጅ ብሎክ የምንላቸው፣ ውፍረታቸው በጥንቃቄ የታወቀ የልክ ማመሳከሪያዎች ናቸው፤ የአንዱ ውፍረት 5፣ የሌላው 10 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱንም በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌአቸዋለሁ። አሁን አንዱን በሌላው ላይ መስቀለኛ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ በጣቴም በስሱ ጫን እያልኩ ወዲያና ወዲህ አንሸራትተዋለሁ። መጀመሪያ ላይ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስል እንደልቡ ይሄዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን እየከበደ፣ እየያዘ ሲመጣ ለጣቴ ይታወቀዋል። ከዚያ አዞረውና ጠርዝ ለጠርዝ አገጥመዋለሁ። ይኸው፣ የላይኛውን ብቻ ይዤ ወደ ላይ አነሣሁ፤ የታችኛው አብሮ ተነሣ። ሙጫ የለም፣ ብሎን የለም፣ ማሰሪያ የለም። ታዲያ የታችኛውን ማን ያዘው?

ዛሬ የምናገረው ይህችን አንዲት ጥያቄ ለመመለስ ነው፤ ነገር ግን በሦስት ነጥቦች ከፋፍዬዋለሁ። አንደኛው ብሎኩ ራሱ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው የሚያጣብቀው ኃይል ከየት እንደሚመጣ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ይህ መጣበቅ በልኬታችን ላይ ምን እንደሚያስከትል ነው። ሁለተኛው ላይ ብዙ እንደምቆይ ከወዲሁ እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም በእርሱ ላይ እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ተሳስቼ ሌሎችንም አሳስቻለሁ።

ስሕተቱ እንዲህ ነው የጀመረው። ወጣት ሆኜ በአንድ የልኬት ክፍል ውስጥ ረዳት ሆኜ ስገባ፣ የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት አንድ አረጋዊ ባለሙያ ዐሥር ያህል ብሎኮችን አንድ በአንድ አጣብቀው፣ እንደ በትር በአንድ ጫፍ ይዘው በአግድም ዘረጉልኝ። አንዱም አልወደቀም። «ጋሼ፣ ምንድን ነው የያዛቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አየር ነዋ ልጄ! በመካከላቸው አየር የለም፣ በውጭ ያለው አየር ይጫናቸዋል» አሉኝ። መልሱ አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ ለማስታወስም ይቀላል። ተቀበልኩት። ከዓመታት በኋላ እኔም ለማስተማር ስቆም ያንኑ መልስ፣ ያንኑ በትር እየዘረጋሁ ደገምኩት። አንድ ቀን ታዲያ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ «አየሩን በፓምፕ መጥጠን ባወጣንበት ዕቃ ውስጥ ብናስገባቸው ይላቀቃሉ ማለት ነው?» አለችኝ። ሳላመነታ «አዎን፣ ወዲያው ይላቀቃሉ» አልኳት። ሞክሬው አላውቅም ነበር። ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ። በ1864 የተወለደው ስዊድናዊው ካርል ኤድቫርድ ዮሃንሰን ኤስኪልስቱና በምትባል ከተማ በሚገኝ የመንግሥት የጠመንጃ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ለእያንዳንዱ የጠመንጃ ክፍል፣ ለእያንዳንዱም ልክ ራሱን የቻለ መለኪያ ይሠራ ስለነበር፣ አዲስ ጠመንጃ በመጣ ቁጥር መሳቢያ ሙሉ አዲስ መለኪያ መሥራት ግድ ነበር። ዮሃንሰን በ1896 ያሰበው ነገር ዛሬ ሲሰሙት የዋህ ይመስላል፦ በጥንቃቄ የተመረጡ ጥቂት ብሎኮች ቢኖሩኝና እንዳስፈላጊነቱ እየደረብኩ ባጣምራቸው፣ የምፈልገውን ልክ ሁሉ ከእነርሱ ማውጣት አልችልምን? በ102 ብሎኮች፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ እየጨመረ የሚሄድ 20,000 ያህል የተለያየ ልክ ማውጣት እንደሚቻል አሰላ። ብሎኮቹን ለማለስለስም የባለቤቱን የስፌት መኪና ወደ መሞረጃ ማሽንነት እንደለወጠ ይነገራል። ባለቤቱ ምን እንዳለችው የነገረን የለም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ይህ ሐሳብ እንዲሠራ ምን መሟላት አለበት? እያንዳንዱ ብሎክ ትክክል መሆኑ ብቻ ይበቃልን? አይበቃም። አራት ብሎክ ስንደርብ በመካከላቸው ሦስት መጋጠሚያ ይኖራል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ የማይታወቅ ክፍተት ካለ፣ ድምሩ የብሎኮቹ ድምር መሆኑ ይቀርና ብሎኮቹና ሦስት እንቆቅልሾች ይሆናል። ስለዚህ የመጣበቁ ነገር ለጎብኚ የሚታይ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ያለ እርሱ የዮሃንሰን 102 ብሎኮች 102 ነጠላ ብረቶች ሆነው በቀሩ ነበር።

እንዲጣበቁ የሚያስችላቸው የመጀመሪያው ነገር የገጻቸው ዝርግነት ነው። ምን ያህል ዝርግ? አይ.ኤስ.ኦ 3650 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ኬ ብሎ በሚጠራው ከፍተኛ ደረጃ ላይ፣ እስከ 150 ሚሊ ሜትር ለሆኑ ብሎኮች የገጹ ከፍታና ዝቅታ ከ0.05 ማይክሮሜትር እንዳይበልጥ ያዛል፤ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ነው ብንል፣ ይህ የፀጉሩ አንድ ሺህ አራት መቶኛ ነው። ቁጥሩ ለእኔም ቢሆን አይታየኝም፤ ስለዚህ እስቲ እናሳድገው። ይህ በእጄ ያለው ብሎክ ገጹ 9 በ30 ሚሊ ሜትር ነው። መቶ ሺህ ጊዜ አሳድገነው 3 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ ሆነ እንበል። በዚህ ሜዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር ብትሄዱ የምታገኙት ትልቁ ጉብታ ከ5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ የባቄላ ፍሬ ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ሌላ እንዲህ ያለ ሜዳ ገልብጣችሁ በላዩ ላይ ብትከድኑበት፣ በደንብ የተጣበቁ ብሎኮችን በሚወክሉት በእነዚህ ሁለት ሜዳዎች መካከል የሚቀረው ክፍተት በብዙ ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእውነተኛው መጠን ይህ 10 ናኖሜትር፣ ማለትም 0.01 ማይክሮሜትር ያህል ነው። በመካከላችሁ ያለው ጥንቁቅ አድማጭ «ጉብታው 5፣ ክፍተቱ 1 እንዴት ይሆናል?» ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መስፈርቱ የሚፈቅደው ዳርቻ እንጂ የእያንዳንዱ ብሎክ ትክክለኛ ገጽ አይደለም፤ ከዚህም በላይ ብሎኩ ጥቂት ይታጠፋል። በተለይ ስስ ብሎኮች ብቻቸውን ሲቀመጡ ይጎብጣሉ፣ ከወፍራም ብሎክ ጋር ሲጣበቁ ይቃናሉ። ብረትን የሚያቃና ኃይል መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ዋናው ነገር መጣን። ማን ያዘው? ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ እናቅርብ።

ማግኔትን ቶሎ እናሰናብተው። ዛሬ ከዚርኮኒያ ሴራሚክ የተሠሩ ብሎኮች አሉ፤ ማግኔት አይስባቸውም፤ ነገር ግን እንደ ብረቶቹ፣ አንዳንዴም ከብረቶቹ በተሻለ ይጣበቃሉ። እንዲያውም ማግኔትነት ያደረበት የብረት ብሎክ የብረት ብናኝ እየሳበ ገጹን ስለሚያበላሽ በእኛ ዘንድ በሽተኛ ነው።

ቀጥሎ የእኔና የጋሼ መልስ የሆነው የአየር ግፊት ነው። ይህን በስሜት ሳይሆን በሒሳብ እንመርምረው። የብሎኩ ገጽ 9 በ30 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስፋቱ 2.7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ኒውተን ያህል ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ፍጹም ባዶ ቦታ አለ ብንል እንኳ፣ አየር ሊያበረክት የሚችለው ከፍተኛው ኃይል 27 ኒውተን ነው፤ ይህም የ2.8 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ማለት ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ብሎክ 21 ግራም ያህል ይመዝናል። አያችሁ? አየር ብቻውን ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ብሎኮችን አንጠልጥሎ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ቅድም ያሳየኋችሁ ማንጠልጠልም ሆነ የጋሼ በትር አየር ነው ወይስ ሌላ ነገር ለሚለው ጥያቄ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ያኔ አሳማኝ መስሎ የታየኝም ለዚህ ነው። ነገር ግን በደንብ የተጣበቁ ብሎኮች ቀጥ ብሎ የሚስባቸውን ከ300 ኒውተን በላይ የሆነ ኃይል ተቋቁመው ሳይላቀቁ ይቆያሉ። ይህም ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ማንጠልጠል ማለት ነው። አየር የሚሰጠን 27፣ የምናገኘው ከ300 በላይ። ቀሪውን ማን ከፈለ?

ተማሪዬ ወደ ጠየቀችኝ ጥያቄ ልመለስ። ጥያቄው ከእርሷም ከእኔም በፊት ተመልሶ ነበር። በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለው መሐንዲስ፣ ሦስት የብረት ሰሌዳዎችን እርስ በርስ እያመሳከረ ፍጹም ዝርግ ገጽ የማውጣት ዘዴን ያስፋፋ ሰው ነው፤ የእርሱ ሰሌዳዎችም እንደ ብሎኮቹ ይጣበቁ ነበር። ፊዚክሰኛው ጆን ቲንዳል በ1875 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ስለ እነዚሁ ሰሌዳዎች ሲያስተምር፣ የተጣበቁትን አየሩ በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ማስገባት ምን እንደሚያስከትል አሳየ። ተላቀቁን? አልተላቀቁም። አየሩ ሄደ፣ እነርሱ እንደተጣበቁ ቀሩ። እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያቺ ተማሪ ተመርቃ ሄዳለች። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካለሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ መልሱ «አይላቀቁም» ነበር።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ፈሳሽ ነው። እዚህ ላይ «ብሎኮቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌአቸዋለሁ አላልክም ወይ? የምን ፈሳሽ ነው?» ትሉኛላችሁ። ይህን ነገር የገለጠልኝ አንድ ሥራ ወዳድ ልጅ ነው። ከእኔ ጋር ይሠራ የነበረ፣ ንጽሕናን እንደ ሃይማኖት የሚቆጥር ወጣት አንድ ቀን ብሎኮቹን በቤንዚን አጠበ፤ አልበቃውም፣ በአልኮል አጠበ፤ አልበቃውም፣ ደገመው። ከዚያ ለማጣበቅ ሲታገል እንቢ አሉት። ሲያንሸራትታቸው ጭራሽ ይፏጫሉ። አንሥቶ ቢያይ ገጹ እንደ መስታወት ንጹሕ ነው። ያን ጊዜ ጋሼ ዘንድ መጣ። እርሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ብሎኩን ተቀብለው በእጃቸው አንጓ ውስጠኛ ቆዳ ላይ አንዴ ሳብ አደረጉት፣ በጨርቅ አበስ አደረጉትና ከሌላው ጋር አንሸራተቱት። ወዲያው ያዘ። ከቆዳቸው የወሰደው በዓይን የማይታይ፣ በጨርቅም ተጠርጎ የማያልቅ የወዝ ስስ ልባስ ነበር። አየር ነው ብለው ያስተማሩኝ እኒያው ሰው እጃቸው ከአፋቸው ይልቅ እውነቱን ያውቅ እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ኤች. ኤም. በጀት የተባለ ተመራማሪ በ1912 በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ስለ ዝርግ ገጾች መጣበቅ ባሳተመው ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው፤ የብረት ገጾቹ ከቅባትና ከእርጥበት ሙሉ በሙሉ ሲጸዱ መጣበቃቸው ጠፋ፣ ስስ የፈሳሽ ልባስ ሲያገኙ ተመለሰ። ፈሳሹ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ከአየር ላይ ገጹን የሚያለብሰው እርጥበትም ሊሆን ይችላል። ሁለት የመስታወት ሰሌዳዎችን አርጥባችሁ ብትደርቡ ቀጥ አድርጎ ማላቀቅ እንዴት እንደሚያታግል የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ። እዚያም እዚህም ያለው ኃይል አንድ ነው፤ የሚለየው የክፍተቱ ጥበት ነው።

እስቲ ይህንንም በቁጥር እናየው፤ ምክንያቱም የነገሩ ውበት ያለው በቁጥሩ ውስጥ ነው። ብረቱን የሚያርስ ፈሳሽ በጠባብ ክፍተት ውስጥ ሲገባ፣ ዳርና ዳር ያለው ጠርዙ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ የገጽ ውጥረቱም፣ ማለትም የፈሳሹ ገጽ እንደ ተለጠጠ ስስ ሽፋን ለመሰብሰብ የሚስብበት ኃይል፣ ፈሳሹን ወደ ውጭ እየሳበ የውስጡን ግፊት ከውጪው ያሳንሰዋል። የሚያንሰው መጠን የገጽ ውጥረቱ እጥፍ ለክፍተቱ ሲካፈል ነው። የዘይት የገጽ ውጥረት በሜትር 0.03 ኒውተን ያህል ነው። ክፍተቱ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን የምናገኘው 60 ፓስካል፣ ማለትም ከምንም የማይቆጠር ነገር ነው። ክፍተቱን ወደ 10 ናኖሜትር አጥብቡት። ያው ዘይት፣ ያው የገጽ ውጥረት 6 ሚሊዮን ፓስካል ይሰጠናል፤ ይህም የከባቢ አየርን ግፊት 60 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በ2.7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ብናባዛው 1,600 ኒውተን ይሆናል። በተግባር ይህን ሁሉ አናገኝም፤ ልባሱ ገጹን ሁሉ አይሸፍንም፣ ክፍተቱም ወጥ አይደለም። ነገር ግን አየር አሥር እጥፍ ሲጎድለው ፈሳሹ ግን አምስት እጥፍ ይተርፈዋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ላክል። ፈሳሹ ዝልግልግ ስለሆነ፣ በድንገት ብትጎትቱት ወደ ክፍተቱ ፈጥኖ መግባት አይችልምና ከዚህም በላይ ይታገላችኋል። ቀስ ብላችሁ ስትስቡና በድንገት ስትስቡ የሚሰማችሁ የተለያየ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ዝልግልግነት ጊዜ ይገዛል እንጂ ለዘለቄታው አይዝም፤ ክብደት አንጠልጥላችሁ ሌሊቱን ብታሳድሩት ተሸክሞ የሚያድረው እርሱ አይደለም።

አራተኛው ተጠርጣሪ የሞለኪውሎች መሳሳብ ነው። በማናቸውም ሁለት ቁሶች መካከል ቫን ደር ዋልስ የሚባል ደካማ መሳሳብ አለ። ድካሙ ግን በርቀት ነው። በሁለት ዝርግ የብረት ገጾች መካከል ያለው ይህ ግፊት ክፍተቱ በአሥር እጥፍ ሲጠብ በሺህ እጥፍ ያድጋል። በ10 ናኖሜትር ላይ የከባቢ አየር ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ቢሆን፣ በ1 ናኖሜትር ላይ ከ200 እጥፍ በላይ ይሆናል። ከዚህ ሒሳብ የምንረዳው፣ በሰፊው ገጽ ላይ ይህ ኃይል ያን ያህል ባይሠራም፣ ከፍ ከፍ ያሉት የገጹ ቅንጣቶች እርስ በርስ በሚነካኩባቸው ቦታዎች ላይ ጉልበቱ ብርቱ እንደሆነ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ይሠራል፤ አንዱ መሳሳብ ከሸረሪት ድር የቀጠነ ነው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩት ግን ብረት ያቃናሉ። ከብሎክ ይልቅ የለሰለሰ ገጽ ያላቸው የኦፕቲክስ መስታወቶች ያለ ምንም ፈሳሽ፣ ደረቅ ለደረቅ የሚጣበቁትም በዚሁ ኃይል ነው።

ታዲያ ፍርዱ ምንድን ነው? እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ በወርክሾፕ ውስጥ፣ በብረት ብሎኮች መካከል ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ያ የማይታይ የፈሳሽ ልባስ ነው፤ የሞለኪውሎች መሳሳብ ገጹ በለሰለሰ መጠን እየጨመረ ይረዳዋል፤ አየር ደግሞ ከአሥር አንድ የማይሞላ መዋጮ ያዋጣል። ከፈሳሹና ከሞለኪውሎቹ አንዳቸውም ግን ክፍተቱ ካልጠበበ አይሠሩም። ዝርግነቱ ራሱ አይስብም፤ የሚስቡት እንዲደርሱ መንገዱን ያሳጥርላቸዋል።

ለምን ታዲያ ዝም ብለን አንዱን በሌላው ላይ አንጥለውም? ለምን እናንሸራትታለን? ቀጥ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት በመካከል አየር ይታሰራል፤ ብሎኩም በዚያ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ቅድም መጀመሪያ ላይ እንደልቡ ሲሄድ ያያችሁት ይህንኑ ነው። ማንሸራተት አየሩን በጠርዝ በኩል ያስወጣል፣ ወዙን ያሰፋል፣ ያሳሳል። ሦስተኛ ጥቅምም አለው፤ አቧራ ካለ ጣታችሁ ይነግራችኋል። ብሎኩ ኮርኮር ካለ፣ ወይም የጭረት ስሜት ካለው፣ ወዲያው አቁሙ። አታስገድዱት!

መጣበቁ ጥሩ መሆኑን በዓይን ማየት የሚፈልግ ደግሞ ኦፕቲካል ፍላት የምንለውን ፍጹም ዝርግ መስታወት ይጠቀም። ብሎኩን በመስታወቱ ላይ ስታስቀምጡ፣ በጀርባው በኩል አሻግራችሁ ብታዩ በመጀመሪያ የቀስተ ደመና ቀለም ያላቸው መስመሮች ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው የአየር ሽብልቅ ብርሃኑን የሚያደራርብበት ምልክት ነው። እያንሸራተታችሁ ስትሄዱ መስመሮቹ እየሰፉ፣ እየሸሹ ከጠርዝ ይወጣሉ። በመጨረሻ ቀለሙ ሁሉ ይጠፋና የብሎኩ ገጽ ወጥ የሆነ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ያ ግራጫ ክፍተቱ ከብርሃን ሞገድ እጅግ አንሷል ማለት ነው። በመካከሉ ነጣ ያለ ደሴት ከቀረ፣ እዚያ ቦታ አልያዘም። በሙያዬ ውስጥ ከማያቸው ነገሮች ሁሉ፣ ቀለሞቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ የማየትን ያህል የሚያስደስተኝ የለም።

ሦስተኛው ነጥብ አጭር ነው። ያ ልባስ ውፍረት አለው ብለናል። ታዲያ በልኬቱ ላይ ይጨመራል ወይስ አይጨመርም? መልሱ በትርጉሙ ውስጥ ተካቷል። አይ.ኤስ.ኦ 3650 የብሎክን ርዝመት ሲተረጉም፣ ከአንዱ ገጽ እስከ ሌላው ገጽ አይልም፤ ከአንዱ ገጽ ላይ ካለ ነጥብ፣ ሌላው ገጽ እስከተጣበቀበት ሰሌዳ ድረስ ያለው ቀጥታ ርቀት ነው ይላል። አስተውላችሁ ከሆነ፣ አንድ የመጣበቂያ ልባስ በብሎኩ ርዝመት ውስጥ አብሮ ተቆጥሯል። ብሎክ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተጻፈው ብረቱንና አንድ ልባስን ያጠቃልላል። ስለዚህ 47.385 ሚሊ ሜትር ፈልጋችሁ 1.005፣ 1.38፣ 5 እና 40 ሚሊ ሜትር ብሎኮችን አጣብቃችሁ በሰሌዳ ላይ ብታጣብቋቸው፣ አራት ብሎክ፣ አራት ልባስ፤ ሒሳቡ ይዘጋል። የሚያስቸግረን ልባሱ ሳይሆን ያልተስተካከለ ልባስ ነው። ቅባት የበዛበት መጋጠሚያ፣ አቧራ የታሰረበት መጋጠሚያ ከትርጉሙ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ስሕተቴን ልናዘዝ። አንድ ዓርብ ማታ፣ ለመሄድ ስቸኩል፣ ሁለት ብሎኮችን እንደተጣበቁ ሳጥናቸው ውስጥ ጥዬ ሄድኩ። እጄንም አልታጠብኩም ነበር። ሰኞ ጠዋት ልለያቸው ብሞክር አልንቀሳቀስ አሉ። ሞርሳ ውስጥ አስሬ በእንጨት መዶሻ ልመታቸው ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፈው ግማሽ ቀን አቆዩዋቸው፤ ከዚያ በሁለት አውራ ጣታቸው እየገፉ፣ በጎን በኩል ቀስ በቀስ አንሸራትተው ለዩዋቸው። በአንዱ ገጽ ላይ የጣቴ አሻራ፣ መስመሩ ሳይቀር በዝገት ተጽፎ ነበር። ላብ ጨው አለው፤ በዚያ ጠባብ ክፍተት ውስጥ የተዘጋ ጨዋማ እርጥበት ሁለት ቀን ሙሉ ብረቱን ሲበላ ቆይቷል። ያ ብሎክ ከዚያ ወዲያ ሊጣበቅ አልቻለም። የሚያጣብቀው ፈሳሽና የሚያበላሸው ፈሳሽ በዓይን አይለዩም፤ ስለዚህ ሥራችሁን ስትጨርሱ በዚያው ቀን ለዩዋቸው፣ አጽዱ፣ የመከላከያ ቅባት ቀቡ፣ በየቦታቸው መልሱ።

ስለ ሙቀትም ሳልናገር ባልፍ አይሆንም። መደበኛው የልኬት ሙቀት ከ1931 ጀምሮ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 100 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ብሎክ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 1.15 ማይክሮሜትር ይረዝማል። ስለ አንድ ልባስ 10 ናኖሜትር ስንከራከር ቆይተን ብሎኩን በጨበጥነው እጃችን የዚህን መቶ እጥፍ እንጨምርበታለን። ለማጣበቅ የሚታገል ጀማሪ ብሎኩን አብዝቶ ያሻል፣ ያሞቀዋል፣ ወዲያውም ይለካበታል። ይህን አታድርጉ። አጣብቃችሁ በሰሌዳ ላይ አስቀምጡትና እስኪበርድ ሌላ ሥራ ሥሩ።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል። አሁን በጠረጴዛው ላይ ስድስት ብሎኮች፣ አንድ ኦፕቲካል ፍላትና ንጹሕ ጨርቅ አሉ፤ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ በሚገባ አድርቃችሁ፣ ተራ በተራ ቅረቡ። መጀመሪያ በደረቁ ሞክሩ፤ ቀጥሎ በእጅ አንጓችሁ ላይ ሳብ አድርጋችሁ፣ ጠርጋችሁ ሞክሩ፤ ልዩነቱን ጣታችሁ ይንገራችሁ። ለማላቀቅ ስትፈልጉ ግን ቀጥ አድርጋችሁ አትጎትቱ፤ በጎን በኩል አንሸራትቱት። የሚወድቅ ብሎክ ካለ ደግሞ እባካችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ፤ የተጎዳ ጠርዝ የሌሎቹንም ገጽ ይጭራል።